የቋንቋ ፍቅር እንደያዛችሁ በምን አወቃችሁ?

የማዚዋ ልጅ (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የውጭ ቋንቋ መማር ጀምራችሁ መተው ያቃታችሁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነገሩ ከትምህርት አልፎ ፍቅር መሆኑን በምን አወቃችሁ? ምልክቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የኔን ልንገራችሁ። ስዋሂሊ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ኬንያም ሆነ ታንዛንያ ዘመድ የለኝም። አንድ ቀን ጠዋት በስልኬ የናይሮቢ ሬዲዮ ከፍቼ ቁርስ እየበላሁ ሳለ ጋዜጠኛው ሰዓት ተናገረ። «ሳአ ሞጃ» አለ። ሞጃ ምን እንደሆነ ፈለግኩና አየሁ፤ አንድ ማለት ነው። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ፈረንጆቹ 7 የሚሉት። ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ቀኑን የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው! በዓለም ላይ እንዲህ የምንቆጥረው እኛ ብቻ ነን ሲባል ነው ያደግኩት። ያ ሻይ እንደቀረበ ቀዘቀዘ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም።

አሁን ምልክቶቹን ስሙ። ባጃጅ ውስጥ ሒሳብ ስከፍል «ሃምሲኒ» ብዬ ሰጠሁት። ሹፌሩ ዞር እንኳ ሳይል ሃምሳ ብሩን ተቀብሎኝ ሄደ! ሲቲኒ ስልሳ ነው፣ ሳቢኒ ሰባ። ከዐረብኛ የወሰዷቸው ናቸው፤ ዐረብኛና አማርኛ ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ቁጥሩ በሁለት መንገድ ዞሮ ባጃጅ ውስጥ ተገናኘ ማለት ነው። መጽሐፍ ኪታቡ ይባላል። እኛ ክታብ የምንለው አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ለሰው ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሁለተኛው፣ እቤታችን ጉጉት ገብታለች። የምማርበት መተግበሪያ ዱኦሊንጎ ነው፣ ምልክቱም አረንጓዴ ጉጉት። ሳላጠና ከመሸ ስልኬ ላይ ብቅ ትልና ታስታውሰኛለች። እናቴ አንድ ማታ አየቻት። እናቴ ደግሞ ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች ክፉ ወሬ ይመጣል ሲባል የሰማች ሰው ናት። «ምነው ልጄ፣ ሌላ ወፍ ጠፍቶ ነው? እርግብ አልነበራቸውም?» አለችኝ። ከልቧ ነው። አማትባ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ጉጉት በኛ ቋንቋ መጓጓትም ነው እኮ ብላት ማን ይስማኝ።

ሦስተኛውን በቅርቡ ነው ያገኘሁት። በስዋሂሊ ዚዋ ሐይቅ ነው፤ ሲበዛ ማዚዋ ይሆናል። ማዚዋ ደግሞ ወተት ማለትም ነው። ይህን ባወቅኩ ሰሞን በማለዳ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ነፋስ አልነበረም። ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቶ ዳርና መሀሉ አይለይም፤ አንድ ደንገል የጫነች ታንኳ ስትመጣ መጀመሪያ የታየኝ የቀዛፊው ራስና ትከሻ ብቻ ነበር፣ ታንኳዋ በኋላ ከነጩ ውስጥ ወጣች። «ማዚዋ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ። ሰውየው የጠራሁት መስሎት «አቤት!» አለኝ።

እንግዲህ እናቴ የምትጨነቀው ለብቻዬ ሳወራ ስለምትሰማኝ ነው። ታላቅ እህቴ ደግሞ እንጀራ የሚያበላህን አንዱን ያዝና በቃህ ትለኛለች። እኔ ግን ልቤ አሁን ቱርክኛ ላይ ተነሥቷል። አንዱን ሳልጨርስ ሌላ ልጨምር? እስቲ የናንተን ምልክት ንገሩኝ፣ ምክርም ካላችሁ አትንፈጉኝ።


ጎሚስታው (ዓባይ ማዶ)

ወንድሜ፣ የኔ ምልክት ሥራ ማስቆም ነው። ጋራዥ ነው የምሠራው። ከልጅነቴ ካቻቢቴ አምጣ፣ ፒንሳ አቀብል ስባል ነው ያደግኩት፤ ሁሉም ጣልያንኛ መሆኑን ግን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያወቅኩበትን ቀን አልረሳውም። ክረምት ነው። አንድ አይሱዙ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ ከፓራፋንጎው ላይ የደረቀ ጭቃ በብረት እፍቃለሁ። ጭቃው ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ፋንጎ ማለት ጭቃ እንደሆነ አንብቤ ነበርና እዚያው እንደተጋደምኩ ቃሉ ለሁለት ተከፈለልኝ። ፓራ የሚከላከል፣ ፋንጎ ጭቃ። ጭቃ ከልካይ! ከመኪናው ሥር ወጥቼ ለልጆቹ ሁሉ ነገርኳቸው። አለቃችን ግን «ይከልክል አይከልክል አንተ ፋቀው» አለኝ።

ካቻቢቴም እንደዚሁ ነው፤ ብሎን የሚያስገባ የሚነዳ እንደማለት። ስፖርቴሎ እኛ የመኪና በር ብቻ ነው የምንለው፣ እነሱ የባንክ ገንዘብ መክፈያ መስኮትንም ስፖርቴሎ ይሉታል። ስለዚህ ባንክ ስሰለፍ ሰልፉ አይሰማኝም። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፈን፣ ጋቢና፣ ካልሲ እንኳ ሳይቀር እየለቀምኩ ደብተር ይዣለሁ፣ ግማሽ ደርሷል። ደንበኞች አሁን አዲስ ነገር ካለ ንገረን ይሉኛል። እህትህን አክብራት፣ ቱርክኛውንም ጀምር።


ፀጉር ቤት ፔዳ

ወንድሜ ቱርክኛን በተመለከተ እኔ ልምከርህ፣ አራት ዓመቴ ነው። የጀመርኩት ከድራማ ነው። ምልክቴ ምን መሰለህ፣ ድራማውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማየው። በጽሑፍ የሚወርደው ትርጉም እንዳያታልለኝ ብዬ። ደንበኛዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ «አንቺ እንቅልፍ እየወሰደሽ ነው እንዴ ፀጉሬን የያዝሽው?» ብላ ደንግጣ ተነሥታለች። የስልኬንም ቋንቋ ወደ ቱርክኛ ቀይሬዋለሁ፤ መብራት የጠፋ ዕለት እናቴ ባትሪውን ለማብራት ስትፈልግ አጥታ ሻማ ለኮሰች።

ቱርክኛ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ቅርብ ነው፣ ማንም አያስፈራራህ። ዝምድና የለንም፣ አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። ተመልከት። ኤቭ ቤት ነው። ኤቭለር ቤቶች። ኤቭለሪሚዝ ቤቶቻችን። ኤቭለሪሚዝደን ከቤቶቻችን። እኛ «ከ»ን ፊት እናስቀድማለን፣ እነሱ ጭራ ላይ ይቀጥላሉ፣ ሌላው ያው መደራረብ ነው። ግሱም እንደኛ መጨረሻ ይመጣል። ሱ ውሃ፣ ኢችቲም ጠጣሁ፤ ሱ ኢችቲም፣ ውሃ ጠጣሁ። በእንግሊዝኛ ጠጣሁ ቀድሞ ውሃው ይከተላል። በትምህርት ቤት ዓረፍተ ነገር ገልብጡ ስንባል የደከምነውን ያህል ቱርክኛ ላይ አትደክምም።

እናትህን ግን አደራ፣ ብቻህን ስታወራ እንዳትሰማህ ሐይቁ ዳር ሂድና አውራ። እዛ ሰው ሁሉ ስልክ የሚያወራ ነው የሚመስለው።


ብዕር

የኔ አንድ ብቻ ነው። የሻምፖ ጀርባ አነባለሁ። በዐረብኛ የተጻፈውን። ውሃው እየፈሰሰ።


ጀልባ ነጂና አስጎብኚ

ሁላችሁንም እያነበብኩ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ደስም አለኝ። እኔ ወደ ዘጌ በጀልባ ሰው አመላልሳለሁ። ቱሪስት በቀነሰበት ጊዜ ቁጭ ከምል ብዬ ቻይንኛ ጀመርኩ። ያን ጊዜ አዲሱ የዓባይ ድልድይ እየተሠራ ነበርና ከተማችን ውስጥ ቻይናውያን ነበሩ፤ ድልድዩም በ2016 ግንቦት ላይ ተመረቀ፣ 380 ሜትር ነው። ቻይንኛ እንደምታውቁት በድምፅ መውጣትና መውረድ የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። «ማይ» ብለህ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ካነሣኸው መግዛት ነው፣ ከላይ ወደ ታች ከጣልከው መሸጥ ነው። አስቡት፣ ገበያ ሄዶ ገዢና ሻጭ የሚለዩት በዜማ ነው!

ታዲያ ይህን ስለማመድ እጄ አብሮ ይወጣል ይወርዳል። አንድ ቀን ወደ ዘጌ ስሄድ አንድ መነኩሴ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ዜማ ነው የምትማረው?» አሉኝ። ቻይንኛ ነው አልኳቸው፣ ደብተሬን አሳየኋቸው። ከፊደሉ በላይ ድምፁ የሚነሣና የሚወድቅበትን የሚያሳዩ ጭረቶች አሉ። አባ ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጣታቸውን ጭረቱ ላይ ሄድ መለስ አደረጉና ፊታቸው በራ። «ይኼማ ምልክት ነው! ይኼ ድፋት፣ ይኼ ቅናት በለኛ!» አሉኝ። የኛ ሊቃውንት ከቃሉ በላይ የሚጽፉት የዜማ ምልክት ስምንት ነው፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት። እኔ ከዚያ በፊት ቻይናና ዘጌ ይገናኛሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ቀጠሉና «ለመሆኑ ቃሉ ምንድን ነው?» አሉኝ። ማይ አልኳቸው። ወደ ሐይቁ እጃቸውን ዘርግተው «ማይማ ይኸውልህ» አሉ። በግዕዝ ማይ ውሃ ነው። ዘጌ እስክንደርስ ድረስ ማይን እሳቸው በግዕዝ እኔ በቻይንኛ እያልን ሄድን፣ ሞተሩ እየጮኸ። ያን ቀን ሒሳብ አልተቀበልኳቸውም።

ሌላ ልጨምር። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለውን የስፔን ቄስ ታሪክ ለእንግዶች ስነግር ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ በ1618 በነሱ አቆጣጠር የዓባይን ምንጭ ስለማየቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የመን ላይ ተማርኮ ዓመታት አሳልፏል፣ እዚያም ዐረብኛ ተምሮ ወጣ። ሀገራችን ገብቶ ደግሞ አማርኛና ግዕዝ ተማረ። መጨረሻም እዚሁ ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ በ1622 ሞተ። ሃይማኖቱና የቤተ መንግሥቱ ነገር ብዙ ያነጋግራል፣ እሱን ለታሪክ ሰዎች ልተወው። እስር ቤት ውስጥ ሆኖ የአሳሪዎቹን ቋንቋ የሚማር ሰው ግን እኛ እዚህ የምናወራለት ነገር ይዞታል።


የሌሊት ተረኛ

እኔ ከሌሎቹ ትንሽ ልለይ። ነርስ ነኝ፣ ጀርመንኛ እማራለሁ፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለት ቋንቋ ባንድ ጊዜ አትጀምር፣ ስዋሂሊህን መጀመሪያ አንድ ሙሉ ወሬ እስክታወራበት አድርሰው። ፍቅሩን ለማቀዝቀዝ አይደለም። ጊዜህ አንድ ስለሆነ ነው።

ቃል የሚጠፋው ወዲያው በተማርነው ሰሞን ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 በነሱ አቆጣጠር ራሱን እየፈተነ ይህንን አሳይቷል፤ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየያዘ ስንቱን እንደረሳ ይቆጥር ነበር። መድኃኒቱ ልትረሳው ስትል መመለስ ነው። ዛሬ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ እያራቅህ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ መተግበሪያው አልከፍት ሲለኝ የልጆቼን ያለቁ ደብተሮች ልባስ በመቀስ ቆርጬ ካርድ ሠራሁ። ባንዱ ፊት አማርኛ፣ በሌላው ጀርመንኛ። የጋውኔ ኪስ ውስጥ ነው የሚውሉት። አንዱን ካርድ ታካሚ አልጋ ላይ ጥዬው ኖሯል፤ እትዬ የምላቸው አንዲት አሮጊት በማግስቱ «ሐኪም ቤቱ ክታብ መስጠት ጀመረ?» ብለው ትራሳቸው ሥር አድርገውት አገኘሁት። ቃሉ ጨረቃ ነበር። በጀርመንኛ ጨረቃ ወንድ ናት፣ ፀሐይ ደግሞ ሴት። ነገርኳቸው። «ጨረቃ ወንድ?» ብለው እስኪወጡ ድረስ ለጠያቂ ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ።


መምህር ከዳንግላ

ልጆቼ፣ ሳነባችሁ አመሸሁ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ አሁን ባሕር ዳር ልጄ ዘንድ ነኝ።

ኬንያ ዘመድ የለኝም ያልከው ልጅ፣ ይህ አያሳስብህ። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ አገኘ፣ በኋላም ጀርመን ጎታ ድረስ አስመጥቷቸው ቁጭ ብሎ ከሳቸው ተማረ። በ1698 የአማርኛን ሰዋስው መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ቀኑን እንደነሱ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ከመጀመሪያው ትውውቅ እስከዚያ መጽሐፍ 49 ዓመት ነው። አንተ ሁለት ዓመት አልክ፣ ገና ነህ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላስቸግራችሁ። ቻይንኛ አላችሁ፣ ቱርክኛ አላችሁ፣ ሁሉም መልካም ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ዳንግላ ትደርሳላችሁ፣ ከዚያም አልፎ እንጅባራ። እዚያ አውኝኛ ይነገራል። የኔ አፍ መፍቻ ነው። በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፣ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩበታል። ከሴም ቤት አይደለም፣ ኩሽ ነው፤ እንግዳ አሠራር ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ መጥታችሁ ፈረሱን ብቻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሰው ምን እንደሚል ጠይቁ እንጂ! ከአርባ ዓመት በላይ አስተምሬ አውኝኛ አስተምረኝ ያለኝ የከተማ ልጅ ሁለት ብቻ ነው።

እዚሁ ጣና ዳር ያሉት ነገደ ወይጦዎችም የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይነገራል። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው፣ ያኛው ጠፍቷል። ታንኳውን አሁንም ያውቁበታል፣ ደንገሉን ያስራሉ። ታንኳውን በድሮው ቋንቋቸው ምን ይሉት እንደነበር ግን የሚነግረን የለም። እኔ ሐይቁ ዳር ስሄድ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይኼ ነው። ተቆጣሁ እንዳትሉኝ፣ ስለወደድኳችሁ ነው የጻፍኩት።


ጎሚስታው (ዓባይ ማዶ)

መምህር፣ ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የቻግኒ ነው፣ አውኝኛ ተናጋሪ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጣልያንኛ ስነግረው ኖሬያለሁ፣ እሱን አንድ ቃል ጠይቄው አላውቅም። ነገ ጠዋት ከሻይ በፊት እጠይቀዋለሁ።


ፀጉር ቤት ፔዳ

መምህር እኔን ተማሪ ይቁጠሩኝ። ሰኞ ሥራ ስለማይበዛብኝ ሰኞ ይመቸኛል፣ እርስዎስ?


የማዚዋ ልጅ (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሌሊት ተረኛዋ እህቴ፣ ምክርሽን ተቀብያለሁ፣ ቱርክኛው እስከ መስከረም ይቆየኝ። ካርድ ቆርጫለሁ፣ ዛሬ 30 ሆኗል። መምህር፣ ያሉት ነገር ከብዶኛል። አውኝኛን በተመለከተ እኔም ከፀጉር ቤቷ እህታችን ጋር ነኝ፣ ሰኞም ይሁን ሌላ ቀን እመጣለሁ።

ስለ እናቴ ልንገራችሁና ላብቃ። ይህን ገጽ አነበብኩላት። የመነኩሴውን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ስልኩን አየት አደረገችና «ያቺን ወፍ እነዚያ ሰዎች ምን ይሏታል?» አለችኝ። ቡንዲ ይባላል አልኳት። ዝም አለች። እኔም እውነቱን መደበቅ አልወደድኩምና በስዋሂሊ ተናጋሪው ሀገርም ቡንዲ ቤት ላይ ከጮኸ ሰው ክፉ ይመጣል ብሎ እንደሚፈራ ነገርኳት። ብድግ አለች! «አላልኩህም? እነሱም ያውቃሉ!» አለች። ከዚያ ወዲህ ኬንያውያንን በጣም ነው የምትወዳቸው። ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤት ሆና «ቡንዲህ መጣች፣ ስልክህን አንሣ» ብላ ጠራችኝ።

በአካል ብንገናኝስ? ጀልባ ነጂው ወንድማችን ከተስማማ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ዳር ላይ፣ ሻይ በኔ ሒሳብ። መምህርን ባጃጅ ይዤ እቤታቸው ድረስ ሄጄ አመጣለሁ። ቅዳሜ፣ ሳአ ኩሚ። በኛም ያው 10 ሰዓት ነው።